የቺፕ ኩባንያዎችን የፓተንትና የንግድ ውድድር ሙግት እንዴት እናጥና

ይህ ጽሑፍ በደብረ ብርሃንና በሌሎች የሰሜን ሸዋ ከተሞች ሕግ ወይም ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ለሚማሩ፣ በተለይም ሁለቱን ሙያዎች በሚያገናኘው የሴሚኮንዳክተር ሙግት ላይ ጥናት ለመሥራት ላሰቡ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ፣ የአዋጆቻችን ቁጥሮች ካልሆኑ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምታጠኑትን ጉዳይ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን በተለያየ ገጽ ላይ ጻፉ። አንደኛው ፓተንቱ (ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጠው ብቸኛ የመጠቀም መብት) የሚሸፍነው ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ባለመብቱ በገበያው ውስጥ ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ ይሁን። የመጀመሪያው በፓተንት ሕግ፣ ሁለተኛው በውድድር ሕግ የሚመለስ በመሆኑ የአንዱን መልስ ለሌላው ማዋል አይቻልም። ፓተንት ያለው ሁሉ ገበያውን በእጁ ያደረገ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ሆኖም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 በኢሊኖይ ቱል ወርክስ ጉዳይ፣ አንድ ምርት ፓተንት ስላለው ብቻ ባለቤቱ የገበያ ኃይል አለው ተብሎ እንደማይገመት ወስኗል። ስለዚህ የገበያ ኃይል ራሱን ችሎ በማስረጃ መረጋገጥ አለበት።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የፓተንቱን ሰነድ ራሱን ፈልጉ፤ በጎግል ፓተንትስ ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። በአሜሪካ ፓተንት የመብቱን ወሰን የሚያበጁት በሰነዱ መጨረሻ ላይ ቁጥር ተሰጥቷቸው የሚደረደሩት አንቀጾች ናቸው፤ ሥዕሎቹና ማብራሪያው እነሱን ለመረዳት ያግዛሉ እንጂ አይተኳቸውም። አንዱን አንቀጽ ወስዳችሁ ሐረግ በሐረግ ከፋፍሉት፤ ከእያንዳንዱ ሐረግ ጎን ደግሞ ተጥሷል በተባለበት ቺፕ ውስጥ የሚመሳሰለውን ክፍል ጻፉ። በመርህ ደረጃ አንዱ ሐረግ እንኳ በቺፑ ውስጥ አቻ ካጣ ያ አንቀጽ ተጥሷል ለማለት ያስቸግራል። ይህን ሥራ የምሕንድስናና የሕግ ተማሪ አብረው ቢሠሩት እመርጣለሁ።

ለሁለተኛው ጥያቄ ከራምበስ ጉዳይ የተሻለ መነሻ አላውቅም። የማስታወሻ ቺፕ ቴክኖሎጂ የሚነድፈው ራምበስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኮምፒውተር ማስታወሻ ቺፖችን የጋራ ደረጃ የሚያወጣው የጄዴክ ማኅበር አባል ነበር፤ በ1996 ከማኅበሩ ወጣ። በኋላም ደረጃው የያዛቸው ቴክኖሎጂዎች በፓተንቶቼ ይሸፈናሉ በማለት ከአምራቾች ክፍያ ይጠይቅና ይከስስ ጀመር። ነገሩን ከአካባቢያችን በመነሳት ለማየት፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ በጣርማበር በኩል እንዲያልፍ ሰዎች ተሰብስበው ሲመክሩ፣ በሩ ላይ መሬት ያለው አንዱ ተሰብሳቢ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ዋሻው ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ የማለፊያ ክፍያ ቢጠይቅ ብላችሁ አስቡት። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2006 ራምበስ በማታለል የገበያ የበላይነት ይዟል ሲል ወሰነ። የዋሽንግተን ዲሲው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2008 ውሳኔውን ሻረው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ልታነቡት የሚገባው የመሻሪያውን ምክንያት ነው። ኮሚሽኑ ራምበስ ባይደብቅ ኖሮ ጄዴክ ወይ ሌላ ቴክኖሎጂ ይመርጥ ነበር፣ ወይም በተመጣጣኝ ዋጋ ፈቃድ የመስጠት ቃል ያስገባው ነበር ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ እንዳለው ደግሞ የሁለተኛው ዕድል መታጣት ብቻውን፣ ማለትም ዋጋው ከፍ ማለቱ ብቻ፣ ውድድርን እንደ መጉዳት አይቆጠርም፤ የመጀመሪያው ውጤት ይደርስ እንደነበር ደግሞ ኮሚሽኑ በቁርጥ አላረጋገጠም። የተለየ መንገድ ይመረጥ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ሙሉውን ክርክር ተሸክሟል ማለት ነው። በግሌ ይህ ውሳኔ የደረጃ አውጪ ማኅበራትን አባላት ከተገቢው በላይ ለጥቃት አጋልጧል ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካ ሦስተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2007 የቺፕ ኩባንያው ብሮድኮም በተፎካካሪው በኳልኮም ላይ ባቀረበው ክስ፣ በማታለል የተሰጠ የተመጣጣኝ ፈቃድ ቃል የውድድር ሕግ ክስ ሊያስነሳ ይችላል ማለቱንም ጎን ለጎን አንብቡ።

ቀጥሎ የገበያውን ወሰን መርምሩ። በ2017 ኮሚሽኑ ኳልኮምን የከሰሰው ፓተንቶቹን ለመጠቀም ፈቃድ ላልገዛ የስልክ አምራች የሞደም ቺፕ (ስልክን ከኔትወርክ የሚያገናኝ ቺፕ) አይሸጥም በማለት ነበር። የካሊፎርኒያው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2019 ለኮሚሽኑ ፈረደ፤ ዘጠነኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በነሐሴ 2020 ፍርዱን ገለበጠው። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ደረሰ የተባለው ጉዳት በዋናነት የሚመለከተው የስልክ አምራቾችን ሲሆን፣ እነሱ ደግሞ የኳልኮም ደንበኞች እንጂ በሞደም ቺፕ ገበያው ተወዳዳሪዎቹ አይደሉም የሚል ነው። ስለዚህ በማስታወሻችሁ ላይ የትኛው ገበያ፣ በዚያ ገበያ ተፎካካሪው ማን፣ ጉዳቱስ የደረሰው በማን ላይ እንደሆነ ለየብቻ ጻፉ። ውሳኔው ረጅም ስለሆነ በመጀመሪያ የይግባኙን ፍርድ፣ ከዚያ የሥር ፍርድ ቤቱን እንድታነቡ እመክራለሁ፤ የተሻረው ነጥብ አስቀድሞ ከታወቀ የሥር ፍርዱ ንባብ ይቀላል።

እነዚህን ጉዳዮች ወደ አገራችን ሕግ ስታመጡ አዋጅ ቁጥር 123/1987ን እና አዋጅ ቁጥር 813/2006ን አጠገባችሁ አስቀምጡ። በመጀመሪያው መሠረት ፓተንት ለ15 ዓመት የሚጸና ሆኖ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል፤ በአሜሪካ ግን በአብዛኛው ማመልከቻው ከገባበት ጀምሮ 20 ዓመት ነው። ሁለተኛው የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል። የራምበስን ወይም የኳልኮምን ፍሬ ነገር በዚህ ክልከላ ሥር አድርጋችሁ ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ ብትጽፉ ለመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ሥራ ይሆናል።

የተጠናቀቀ ጉዳይ ሁሉ የተወሰነ እንዳልሆነም ልብ በሉ። የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሠሪው ኤኤምዲ ተፎካካሪውን ኢንቴልን በ2005 ከስሶ በኅዳር 2009 በ1.25 ቢሊዮን ዶላር ክፍያና አንዱ የሌላውን ፓተንት እንዲጠቀም በሚፈቅድ ውል ሲስማሙ፣ ኢንቴል የውድድር ሕግ ጥሷል ወይስ አልጣሰም የሚለውን በዚያ ክስ የመረመረው ፍርድ ቤት አልወሰነበትም። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ስትጠቅሱ «ከሳሹ እንዳቀረበው» ብላችሁ ጻፉ እንጂ «ፍርድ ቤቱ እንዳረጋገጠው» አትበሉ።