ስለ ድርቅ፣ ጎርፍና ከባድ ሙቀት ትንበያ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከባድ ጎርፍ ወይ ድርቅ በመጣ ቁጥር ሁሉም ሰው ስለ ትንበያ ማውራት ይጀምራል፣ ጥሩ ነው፣ ግን በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ የሚደጋግሟቸው ስህተቶች አሉ። አብዛኞቹ የሚመጡት ከአንድ ነገር ነው፤ እነዚህ ክስተቶች ብርቅ ናቸው፣ ብርቅ ነገር ደግሞ በለመድነው ሂሳብ ሲለካ ያሳስታል።

1. "የመቶ አመት ጎርፍ" ሲባል በመቶ አመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ማስመሰል። በየአመቱ የመምጣት እድሉ 1 ፐርሰንት ነው ማለት እንጂ ዘንድሮ ስለመጣ ቀጣዩ 99 አመት ነፃ ነን ማለት አይደለም። አንድ ቦታ 30 አመት የኖረ ሰው ቢያንስ አንዴ የማየት እድሉ 26 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ እሱም አየር ንብረቱ ባለበት ከቆመ። ግን አልቆመም። በ2021 (እዚህ ያሉት አመተ ምህረቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በወጣው የአይፒሲሲ፣ ማለትም የተባበሩት መንግስታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን፣ ሪፖርት መሰረት ከ1850 እስከ 1900 በነበረው አየር ንብረት በ50 አመት አንዴ ይጠበቅ የነበረ ሙቀት አለም በ1 ዲግሪ ስትሞቅ በ50 አመት ውስጥ ወደ 5 ጊዜ ገደማ ይመጣል፣ ስለዚህ የድሮ ዳታ ብቻ ይዞ ድልድይና ግድብ ዲዛይን ማድረግ በጣም አደገኛ ነው።

2. "ትንበያው 96 ፐርሰንት ልክ ነው" ሲባል መደነቅ። በ1884 አሜሪካ ውስጥ ጆን ፊንሊ የሚባል ባለሙያ ቶርኔዶ (እየተሽከረከረ የሚመጣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ይመጣል አይመጣም እያለ 2803 ትንበያ ሰጠ፣ 96.6 ፐርሰንቱ ልክ ሆነ። ግን ምንም ሳይለፋ ሁሌ "አይመጣም" ቢል ኖሮ 98.2 ፐርሰንት ልክ ይሆን ነበር! ይመጣል ካለባቸው 100 ጊዜዎች የመጣው 28ቱ ላይ ነው፣ በጠቅላላው ከመጡት 51 ውስጥ ደግሞ 23ቱ አምልጠውታል። ስለ ብርቅ ነገር ትንበያ ስታነቡ መጠየቅ ያለባችሁ ከመጡት ስንቱን ያዘ፣ ስንት ጊዜስ በከንቱ አስደነገጠ የሚለውን ነው።

3. "ከመደበኛ በታች የመዝነብ እድሉ 60 ፐርሰንት ነው" ተብሎ ጥሩ ሲዘንብ ዋሹ ማለት። የየቀኑ አየር ከሁለት ሳምንት ገደማ በላይ በዝርዝር አይተነበይም፣ የወቅት ትንበያ ግን እንደ ኤልኒኞ ካሉ ቀስ ብለው ከሚቀየሩ የውቅያኖስ ሁኔታዎች ተነስቶ እድል ነው የሚናገረው። አንድ ወቅት አይቶ መፍረድ አይቻልም፣ 60 የተባለባቸውን ወቅቶች ሁሉ ሰብስቦ 60 ፐርሰንቱ ላይ ሆኗል ወይ ብሎ ማየት ነው እንጂ።

4. "የአየር ንብረት ለውጥ ነው ያመጣው? አዎ ወይስ አይደለም?" ብሎ መጠየቅ። እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ የ2010 የራሺያ ሙቀት ነው። አንዱ ጥናት በአብዛኛው የተፈጥሮ ነው አለ፣ ሌላው ደግሞ ሙቀቱ የመከሰት እድሉ በለውጡ ምክንያት በጣም ጨምሯል አለ፣ ሰው ሁሉ ሳይንቲስቶቹ ተጣሉ ብሎ አሰበ። በ2012 የአየር ንብረት ተመራማሪዋ ፍሬድሪከ ኦቶና ባልደረቦቿ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳዩ፣ ምክንያቱም አንዱ የጠየቀው ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ጨመረ ነው፣ ሌላው ደግሞ እድሉ ስንት እጥፍ ሆነ ነው። እንዲህ አይነቱ ጥናት የሚሰራውም ሞዴሉን (አየር ንብረቱን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ሁለት ጊዜ በማስኬድ ነው፣ አንዴ አሁን ባለችው አለም፣ አንዴ ሰው ያመጣው ሙቀት በሌለባት አለም፣ ከዛ ማወዳደር።

5. ሞዴል ወይም ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) ያላየውንም ያውቃል ብሎ ማመን። ካናዳ ውስጥ የነበረው የሙቀት ሪከርድ 45 ዲግሪ ነበር፣ በ2021 ሊተን የምትባል መንደር 49.6 ገባች። ካለፈው ብቻ የተማረ ነገር እንዲህ አይነቱን ዝላይ አሳንሶ ሊገምት ይችላል፣ እኛን የሚጎዳን ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

6. ዳታውን ሳያጣሩ መጠቀም። ሊቢያ አል አዚዚያ ላይ በ1922 ተመዘገበ የተባለው 58 ዲግሪ የአለም ሪከርድ ሆኖ ኖሮ የአለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በ2012 ሰረዘው፣ ልምድ የሌለው ሰው መሳሪያውን በ7 ዲግሪ ያህል አሳስቶ ሳያነበው አልቀረም ተብሎ። ስለዚህ ግራፍ ከመሳላችሁ በፊት ጣቢያው ተዛውሮ ያውቃል ወይ፣ ቴርሞሜትሩስ መቼ ተቀየረ የሚለውን ፈልጉ፣ ብዙ ቦታ ይሄ መዝገብ ወረቀት ላይ ተፅፎ አለ።