ኮረሪማው ከመርካቶ፣ ምስሩ ከህንድ ሱቅ

በቅርቡ መርካቶ በርበሬ ተራ ቆሜ ሳለሁ፣ አንዲት እናት ወደ አሜሪካ ለምትሄድ ልጃቸው ስንቅ ሲያስመዝኑ አየሁ። አምስት ኪሎ ምስር ክክ፣ ሦስት ኪሎ አተር ክክ፣ አንድ ኪሎ እርድና አንድ ኪሎ አብሽ ተመዝኖ በፌስታል ታሰረ፤ ኮረሪማ ግን አንዲት ፍሬ እንኳ አልነበረበትም፤ ኮሰረትም የለም። የሰው ጉዳይ ነው ብዬ ዝም ልል ነበር፤ አላስቻለኝም። እኔም ከዓመታት በፊት ከፒያሳ ስነሣ ሻንጣዬን የትም አገር በሚገኝ እህል ሞልቼ፣ ፈልጌ የማላገኘውን ቅመም ትቼ የሄድሁ ሰው ነኝና።

ከአገር ቤት መያዝ ያለበት ክብደቱ ቀላል ሆኖ ምትክ የማይገኝለት ነገር ነው። ከሁሉ በፊት ኮረሪማን አስቀድማለሁ። በህንድ ሱቆች የሚሸጠው ትልቁ ጥቁር ሄል በመልክ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በጭስ የሚደርቅ በመሆኑ ወጡ ጭስ ጭስ እንዲል ያደርገዋል። ትንሹ አረንጓዴ ሄል ይሻላል፤ ቢሆንም ጣፋጭ ሽታው ያይላል። ቀጥሎ ኮሰረት ነው፤ በእሱ ፈንታ ኦሬጋኖ ተጠቀሙ የሚሉ አሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ቅቤ በኦሬጋኖ ከሚነጠር ያለ ኮሰረት ቢነጠር ይሻላል። በሶብላን በተመለከተ በታይላንድ ሱቆች የሚገኘው በሶብላ መሰል ቅጠል በመጠኑ ያቃርባል። በአግባቡ የተዘጋጀ በርበሬና ሚጥሚጣ ደግሞ ያለ ክርክር መያዝ አለባቸው፤ ፓፕሪካን ከሚያቃጥል ቃሪያ ዱቄት ጋር መቀላቀል ቀለም እንጂ ጣዕም አይሰጥም። በርበሬውን እንደ ደረሱ በትንንሽ ከረጢት ከፋፍለው ፍሪዘር ውስጥ ቢያስቀምጡት ቀለሙም ሽታውም ብዙ ወራት ይቆያል።

በጉዞ ላይ ሦስት ነገር ያስተውሉ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ይዞ መግባት ስለሚያስቸግር፣ በርበሬና ሽሮ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ቢገቡ ይሻላል። ቋንጣን ይርሱት፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሥጋ ወደ አሜሪካም ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮችም አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት በመንገደኛ እጅ የሚመጣ የወተት ውጤትንም ስለሚከለክል፣ የተነጠረው ቅቤ በአውሮፕላን ማረፊያው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይቀራል፤ ይህን ያየች እናት ምን እንደምትል መገመት አያዳግትም። ደረቅ ቅመም ግን የያዙትን ሁሉ ለጉምሩክ ካሳወቁ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ ቅጣት የሚያስከትለው መደበቁ ነው።

ቅቤውን እዚያው ያንጥሩ። ጨው ያልገባበት ቅቤ በየሱፐርማርኬቱ አለ፤ ከአገር ቤት የያዙት ኮሰረት፣ ኮረሪማና በሶብላ ዋጋቸው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

የሐበሻ ሱቅ ማግኘት እንደሚደርሱበት ከተማ ይለያያል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ በተሰየመው የሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህ ጽሑፍ ብዙም አያስፈልገውም፤ እንጀራው ራሱ ከቦሌ በአውሮፕላን ተጭኖ ይደርስለታል። ወደ ትንሽ ከተማ የተመደበ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ግን በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የህንድ ሱቅ የት እንዳለ ነው። ከቅመማችን አብዛኛው እዚያ አለ፤ ችግሩ ስሙ ነው። ጥቁር አዝሙድ ካሎንጂ፣ አብሽ ሜቲ፣ እርድ ሃልዲ፣ የድምብላል ፍሬ ዳኒያ ይባላሉ። ነጭ አዝሙድ አጅዋይን ይባላል፤ ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ከሙን የሚባለውን ሌላ ቅመም ገዝቶ ይመለስና ወጡ ለምን እንግዳ ሽታ እንዳመጣ ሲገረም ይኖራል። ጥምዝ ሲያጡ ደግሞ ፒፕሊ የሚባለውን ረጅም ቁንዶ በርበሬ ይጠይቁ፤ የቅርብ ዘመዱ ነው።

ክክ ላይ እኔ ራሴ ተሞኝቻለሁ። ምስር ክክ ማሱር ዳል መሆኑን ወዲያው ስለ ለየሁት፣ አጠገቡ ያለው ቢጫ ክክ አተር ክክ መሆኑን ሳልጠራጠር አንድ ከረጢት ገዛሁ። በጾም ቀን እንግዳ ጠርቼ አልጫ ልሠራ ጣድሁት፤ አንድ ሰዓት አለፈ፣ ውኃ ጨመርሁ፣ አልበስል አለ፤ እንግዶቹ ጎመንና ሰላጣ በልተው ሄዱ። ለካ የገዛሁት ቻና ዳል፣ ማለትም የሽምብራ ክክ ነበር። ቱር ዳል የሚባለውም ቢጫ ክክ የርግብ አተር የሚባል ሌላ እህል ነው። እውነተኛው አተር ክክ በተራ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት የሾርባ እህል በሚደረደርበት መደርደሪያ ላይ የሎው ስፕሊት ፒስ ተብሎ ርካሽ ሆኖ ይገኛል። ከዚያው ከህንድ ሱቅ የሚገዛው ቤሳን የሽምብራ ዱቄት ቢሆንም ያልተቆላ ነውና እንዳለ ሽሮ አይሆንም፤ በደረቅ መጥበሻ፣ በትንሽ እሳት፣ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ እያማሰሉ ከቆሉት በኋላ በርበሬና ቅመም ቢጨምሩበት ከቤት ሽሮ ብዙም አይርቅም።

የጤፍ ዱቄት በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሌለበት በመሆኑ የጤና ምግብ በሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፤ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ጤፍ ከተዘራ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ዋጋው ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር ይቀላቅለዋል፤ ስንዴ የማይስማማው ሰው ከሱቅ እንጀራ ሲገዛ ይህን መጠየቅ ይኖርበታል። ቡኮው አልቦካ ካለ ሁለት ነገር ይመርምሩ። አንደኛው ውኃው ነው፤ ክሎሪን የበዛበት የቧንቧ ውኃ እርሾውን ስለሚያዳክም አፍልተውና አቀዝቅዘው ይጠቀሙበት። ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው፤ በክረምት ቡኮውን ባልተለኮሰ ኦቨን ውስጥ አስገብቶ መብራቱን ብቻ አብርቶ ማሳደር ይረዳል።

ምጣድ ተሸክሞ መሄድን በተመለከተ፣ የአዲስ አበባው የኤሌክትሪክ ምጣድ የተሠራው ለ220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው ተራ ሶኬት 120 ስለሆነ እዚያ በወጉ አይግልም። በእንግሊዝ አገር ቮልቴጁ ቢስማማም የሶኬቱ ፊውዝ 13 አምፔር ብቻ ነው፤ ትልቁ ምጣድ ያቃጥለዋል። በአሜሪካ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን የሚጋግሩት ሄሪቴጅ ግሪል በሚባል ክብ ምድጃ ላይ ነው፤ የሚገርመው ምድጃው የተሠራው ኖርዌጂያውያን ሌፍሰ ለሚሉት ስስ የድንች ቂጣ ነው።

ዕቃው ሁሉ ተሟልቶም ወጡ የእናት ቤት ወጥ አልሆን የሚለው፣ እኔ እንደማምነው፣ በሽንኩርቱ ምክንያት ነው። የውጭ አገሩ ትልልቅ ሽንኩርት ውኃና ስኳር ስለሚበዛበት ቀይ ወጡን ስኳር ስኳር እንዲል ከማድረጉም በላይ ያቀጥነዋል። ከቻሉ ሻሎት የሚባለውን ትንሹን ቀይ ሽንኩርት ይግዙ፤ ውድ ከሆነብዎ ተራውን ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈው ያለ ዘይት ውኃው ፈጽሞ እስኪመጥ ድረስ ያቁላሉት፤ ይህ ከለመዱት ጊዜ እጥፍ ሊፈጅ ይችላል። ዶሮውም እንደዚያው ነው። በስድስት ሳምንት ያደገ የፋብሪካ ዶሮ በወጥ ውስጥ ስለሚፈርስ፣ ሐላል ሥጋ ቤቶች ውስጥ እንቁላል ጥላ ያበቃች ዶሮ ካለች ይጠይቁ። እህሉ ግን ቶሎ ይበስልብዎታል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በባሕር ጠረፍ ከተሞች በ100 ነውና፣ በለመዱት ሰዓት ምስሩን ከተዉት ገንፎ ሆኖ ያገኙታል።

ከሱፐርማርኬት የተፈጨ ሥጋ ገዝቶ ክትፎ መሥራት አይገባም፤ ያ ሥጋ በደንብ እንዲበስል ታስቦ የሚሸጥ ነው። የጎመን ነገር አያሳስብም፤ አሜሪካ ውስጥ ኮላርድ ግሪንስ የሚሉት ለጎመናችን ቅርብ ነው። ጿሚ ለሆነ ሰው ደግሞ ቪጋን፣ ማለትም ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የሌለበት፣ የሚለው ጽሑፍ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ዳቦ ውስጥ ወተት ወይም ቅቤ መግባት አለመግባቱን በጥቃቅን ፊደል ከመፈለግ ያድናል።

ለቡናው ጤና አዳም የሚፈልግ ሰው እርጥቡን ቅጠል ከአገር ቤት ለመያዝ አይሞክር፤ በፍተሻ ላይ ይወሰድበታል። የላቲን አሜሪካ ሰዎች ሩዳ እያሉ ስለሚያበቅሉት በእነርሱ ሱቅና ችግኝ ማፍያ ይገኛል። አንድ ችግኝ ገዝተው በማሰሮ ተክለው ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት ላይ ቢያስቀምጡት ለዓመት ይበቃዎታል፤ ውርጩ ሳይመጣ ወደ ውስጥ ማስገባቱን ብቻ አይርሱ።