የባክቴሪያ ዝርያን ለማሻሻል ጨረርንና ኬሚካልን እንዴት ማነጻጸር ይቻላል

ቆዳን ከጠጉር ለማጽዳት የሚውለው ሶዲየም ሰልፋይድ ፍሳሹን ክፉኛ ስለሚበክል፣ ቆዳ ፋብሪካ ባለባት ኮምቦልቻ በእሱ ፈንታ የሚያገለግል ፕሮቲን የሚሰብር ኤንዛይም በብዛት የሚያመነጭ፣ ባሲለስ የተባለ ባክቴሪያ ዝርያ ማግኘት ትልቅ ጥቅም አለው። ዝርያውን በሚውቴሽን (በዲኤንኤ ለውጥ) ለማሻሻል የሚነሣ ተመራማሪ ጨረር ይሻላል ወይስ ኬሚካል የሚለውን በራሱ ባክቴሪያ ላይ መፈተን ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ከአንድ ኮሎኒ (በአንድ ቦታ ከተራባ የባክቴሪያ ክምችት) የተነሣውን ባክቴሪያ በፍጥነት በመራባት ላይ ሳለ ሰብስበው፣ በጨው ውኃ አጥበው ለሦስት ይክፈሉት። አንዱ ምንም ሳይነካ ለማነጻጸሪያ ይቆያል።

ሁለተኛውን በክፍት ፔትሪ ዲሽ በስሱ አፍስሰው፣ እያማሰሉ 254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ያቆዩት፤ በየተወሰነ ጊዜም ናሙና ይውሰዱ። ጨረሩ በዲኤንኤው ላይ ጎን ለጎን ያሉ ታይሚን የተባሉ የዲኤንኤ ፊደላትን ያጣብቃል። ብዙ ባክቴሪያዎች ግን በሚታይ ብርሃን የሚሠራ ጠጋኝ ኤንዛይም ስላላቸው፣ ናሙናውን በቀይ መብራት ብቻ ይያዙ፤ ሳህኖቹንም በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቅልሉ። ዓይንዎንና ቆዳዎን ከመብራቱ ይከልሉ።

ለሦስተኛው የተለመደው ኬሚካል ኤቲል ሜቴን ሰልፎኔት ነው። ጉዋኒን የተባለውን ሌላ የዲኤንኤ ፊደል ስለሚለውጥ ውጤቱ በአብዛኛው የጉዋኒንና ሳይቶሲን ጥንድ በአዴኒንና ታይሚን መተካት ነው፤ አልትራቫዮሌት የሚያመጣው ለውጥ ከዚህ ይልቅ ዓይነቱ ይሰፋል። ኬሚካሉ ካንሰር አምጪ በመሆኑ፣ ትነት ስቦ የሚያወጣ ካቢኔትና የሠለጠነ ሰው በሌለበት ቤተ ሙከራ ፈጽሞ አይሞከር። ሥራው ሲያበቃ በሶዲየም ታዮሰልፌት ይመክናል። የዘረመል ተመራማሪው ኸርማን ሙለር በ1927 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዝንብ ላይ የተጠቀመበት ኤክስሬይም አማራጭ ነው፤ ነገር ግን የዲኤንኤን ሁለቱንም ክር ስለሚበጥስ ጉዳቱ ከባድ ነው፣ መሣሪያውም ፈቃድ ይጠይቃል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በንጽጽሩ ላይ ነው። የሁለቱ መጠን የሚመዛዘነው በደቂቃ ሳይሆን በሕይወት በቀሩት ብዛት ስለሆነ፣ በሁለቱም በኩል ለምሳሌ ከመቶ አንድ ያህል የተረፈበትን ናሙና ይምረጡ። የተረፉትን ቅባቱ የወጣለት ወተት በገባበት አጋር በተባለ የረጋ ማብቀያ ላይ ያብቅሉ፤ ኤንዛይም አመንጪው ኮሎኒ በዙሪያው ጥርት ያለ ክብ ይፈጥራል። የክቡን ስፋት ለኮሎኒው ስፋት አካፍለው ካልተነካው ናሙና ጋር ያስተያዩ።

በእኔ ግምት በአልትራቫዮሌት መጀመር ይሻላል፤ ርካሽ ነው፣ መርዛማ ቅሪትም አይተውም። የተመረጡትን ኮሎኒዎች ግን ደጋግመው በማራባት ብልጫቸው አለመጥፋቱን ያረጋግጡ፤ እናት ዝርያውንም በግሊሰሪን አቀዝቅዘው ያኑሩ።