ቀኑን ሙሉ ሮጠው እንቅልፍ እምቢ ሲልዎት
መጀመሪያ የቡናዎን ሰዓት ይዩ። በቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካፌይን፣ ከተጠጣ 5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጡት ሲኒ ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና አልለቀቀዎትም ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይጠጡ። ጎረቤት ማታ ቡና ጠጡ ብሎ ከጠራዎት ይሂዱ፤ ሲኒውን ቢተዉም ጨዋታው ራሱ ድካም ያረግባል።

ከመተኛትዎ በፊት እጅዎን ሆድዎ ላይ አድርገው ይቀመጡ። በአፍንጫ እስከ 4 ቆጥረው አየር ያስገቡ፣ እስከ 6 ቆጥረው ቀስ ብለው ያስወጡ፤ ለ5 ደቂቃ። ከፍ ዝቅ የሚለው ሆድዎ እንጂ ትከሻዎ አይሁን። ራስዎን ካዞረዎት አብዝተው እየተነፈሱ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ወጥቷል። አቁመው እንደ ልማድዎ ይተንፍሱ፣ ሲረጋጉ አነስ አድርገው ይቀጥሉ።