ገጹ አለ፣ ሰልጣኙ የለም፦ ከሰሜን ሸዋ በኢንተርኔት ለሚያሰለጥኑ የሩጫ አሰልጣኞች ችግርና መፍትሄ

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ሩጫ የሚያሰለጥን ሰው አይጠፋም። ሥራውን ያውቃል፤ ጎህ ሲቀድ ውርጭ ላይ ቆሞ ሰዓት ይይዛል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያለ ጀማሪ ግን ይህን አያይም። የሚያየው የቴሌግራም፣ የፌስቡክ ወይም የኢንስታግራም ገጹን ነው፤ ገጹ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሰልጣኙን አይመስልም። ከሚከተሉት ምልክቶች የእርስዎን ፈልገው ከዚያ ይጀምሩ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከለወጡ የትኛው እንደጠቀመ ማወቅ ይቸግርዎታል።

ምልክት፦ ሰው ገጹን ያያል፣ የሚጽፍ ግን የለም

ጥፋቱ በአብዛኛው የመግለጫው ነው። «ልምድ ያለው ፕሮፌሽናል አሰልጣኝ፤ ለሁሉም ዕድሜ፣ ለሁሉም ደረጃ» የሚል ጽሑፍ ማንንም አያስቀይምም፤ ማንንም ግን አይጠራም። አምሳ ዓመት የሞላት የባንክ ሠራተኛ ስታነበው ለክለብ ሯጮች የተጻፈ ይመስላታል። የክለብ ሯጩ ሲያነበው ክብደት መቀነስ ለሚፈልጉ የተጻፈ ይመስለዋል። ሁለቱም ያልፉታል።

ማንን እንደሚያሰለጥኑ፣ ወደ ምን እንደሚያደርሱት፣ በምን መንገድ እንደሚሠሩ ይናገሩ። ቦታው ጠባብ መሆኑ እንዲያውም ይጠቅማል፤ ቴሌግራም ለግል መግለጫ በነጻ የሚሰጠው 70 ፊደል ነው፣ ቲክቶክ 80፣ ኢንስታግራም 150። አማርኛ በዚህ ዕድለኛ ነው፤ በጥቂት ፊደል ብዙ ይባላል። ለምሳሌ፦

«10 ኪ.ሜ. ሳያርፉ መሮጥ ለሚፈልጉ ጀማሪዎች። በሳምንት 3 ቀን፣ ከደብረ ብርሃን በቴሌግራም።»

ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮም ከ70 በታች ነው። 10 ኪሎ ሜትር ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ርቀቱ ይኸው ነው፤ ሮጦ የማያውቅ ብዙ የከተማ ሰው ጫማ የሚገዛውም ለእርሱ ብሎ ነው። ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ስለሚውል የ12 ሳምንት ዝግጅት የሚጀመረው ነሐሴ ውስጥ ነው። መግለጫዎን ኅዳር ሲገባ ቢቀይሩት ረፍዷል።

ምልክት፦ «እኔ እኮ ሯጭ አይደለሁም» ብለው ይመለሳሉ

ይህ ችግር የሰሜን ሸዋ አሰልጣኝ ልዩ ችግር ነው፤ ምንጩም ኩራታችን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ጌጤ ዋሚ የተወለደችው እዚሁ አጠገባችን ጫጫ ነው። በዚህ ያልኮራ በምን ይኮራል? ነገር ግን ገጹ ከላይ እስከ ታች ሜዳሊያ፣ ዋንጫና ከነፋስ የቀደሙ ልጆች ፎቶ ከሆነ፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ሰው በሩ ለእርሱ እንዳልተከፈተ ይገምታል።

ታሪኩ አንድ መስመር ይበቃዋል። ከፍታውን ግን አይጣሉት፤ አቀራረቡን ይለውጡ። «ከፍታ ላይ እንሠለጥናለን» ማለት ሜሪላንድ ላለ ሰው ምንም አይፈይድለትም፤ እርሱ የሚሮጠው ባሕር ወለል አጠገብ ነው። ከፍታን ሥልጠና ላይ እንዴት እንደሚያስቡት ያሳዩት። አየሩ ስስ በሆነበት በደብረ ብርሃኑ ጠባሴ ላይ አንድ ሯጭ አንዱን ኪሎ ሜትር የሚጨርስበት ሰዓት፣ በዚያው ድካም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሚጨርስበት ይረዝማል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር አድርጎ ከ1,500 ሜትር በታች ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሯጭ ይዞ የወረደ አሰልጣኝ ይህን ከመጽሐፍ አይማረውም፤ እዚያ ደግሞ አየሩ ሲመች ሙቀቱ ይጥላል። ስለዚህ ገጽዎ ላይ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «የእኛን ሜዳ ሰዓት አልሰጥዎትም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እያወሩ መሮጥ በሚችሉበት ሶምሶማ እንሠራለን፤ ፍጥነቱን የምንወስነው እርስዎ ባሉበት ከፍታና ሙቀት ነው።» ከአራት ሰርተፍኬት ፎቶ ይልቅ ይህ አንድ አንቀጽ ሙያዎን ይመሰክራል።

ስለ ፎቶ ካነሣን፦ አሥራ ሁለት ሰው በጉም ውስጥ የቆመበት ፎቶ በስልክ ላይ ባለችው ትንሽ ክብ ውስጥ ሲገባ ግራጫ ነጥብ ይሆናል። ብቻዎን፣ ከደረት በላይ፣ ፊትዎ በጠዋት ፀሐይ፤ ኮፍያው ቢወልቅ ይመረጣል።

ምልክት፦ «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው ይጠፋሉ

«ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩኝ» የሚለው ልማድ ያመጣው ነው። ጠያቂው እንደ ገበያ በግ ፊቱ ታይቶ ዋጋ የሚቆረጥለት ይመስለዋል። የወሩን ክፍያ ይጻፉ፤ ከሥሩም ሰልጣኙ በክፍያው ምን እንደሚያገኝ፦ እሑድ ማታ የሚላክ የሳምንት ዕቅድ፣ በየልምምዱ ላይ አስተያየት፣ በወር አንድ የስልክ ውይይት። በቴሌብር ወይም በባንክ እንደሚቀበሉም ያክሉ። ዋጋው ከተጻፈ በኋላ የሚጽፉልዎት ሰዎች ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። አይደንግጡ፤ መጻፍ የሚተዉት ድሮም ከዋጋ በኋላ የሚጠፉት ናቸው።

ምልክት፦ ቀጠሮ ይፋለሳል

ይህ በተለይ ባሕር ማዶ ካሉት ጋር ነው። «1 ሰዓት» ሲሉ እዚያ ያደገው ልጅ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ያደርገዋል። ገጹ ላይ «ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 19፡00፣ በኢትዮጵያ» ብለው ሁለቱንም ያስፍሩ። ይኸው ሰዓት ዋሽንግተን ላይ በበጋቸው እኩለ ቀን፣ በክረምታቸው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። እነርሱ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ፣ ደግሞም በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ በእነዚያ ሳምንታት ቀጠሮውን አንድ ቀን ቀድመው ያረጋግጡ።

ምልክት፦ ስምዎን የሰሙ ሰዎች ፈልገው ያጡዎታል

ቴሌግራም ላይ ቻናል የሚፈለገው በርዕሱና በመለያ ስሙ ነው፤ መግለጫው ውስጥ «ሩጫ» ብለው አሥር ጊዜ ቢጽፉ ፍለጋው አያነበውም። ርዕሱን «የድል ጎዳና» ከማለት ስምዎንና «የሩጫ ሥልጠና» የሚለውን ያስገቡበት። አንዱ በ«ሰ»፣ ሌላው በ«ሠ» ስለሚጽፍ የሚበዛው ሰው የሚጠቀምበትን ርዕሱ ላይ፣ ሌላውን ልጥፎችዎ ውስጥ ያድርጉ። መለያ ስሙ በሁሉም መድረክ አንድ ይሁን።

ምልክት፦ ሁሉን ጠይቀው፣ ሁሉን ተረድተው «አስብበታለሁ» ይላሉ

አላመኑዎትም። «ምርጥ አሰልጣኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» የሚል ምስክርነት ደግ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ሰልጣኝዎን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ሲጀምር ስንት ደቂቃ ይሮጥ ነበር? የቱ ሳምንት ላይ ሊያቋርጥ አሰበ? ያኔ አሰልጣኙ ምን አደረገ? መልሱን በራሱ አነጋገር፣ ፈቃዱን ጠይቀው ይለጥፉት፤ ስሙን ካልፈለገ ሥራውና ከተማው ይበቃል። ገና ሰልጣኝ ከሌለዎት የሰው ታሪክ አይዋሱ። ሁለት ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ለስምንት ሳምንት በነጻ ያሰልጥኑ፤ ሲጨርሱ እነዚህን ጥያቄዎች እንደሚመልሱልዎት ከወዲሁ ይስማሙ፤ የየሳምንቱን መዝገብም ከመጀመሪያው ቀን አንሥተው ይያዙ።