ካርድ ለሚበላባችሁ፦ የስልክና የቤት ኢንተርኔት ጥቅል አመራረጥ ለድሬና ለሐረር ሰው

አቦ፣ መጀመሪያ የምታወጡትን እወቁ። በወር ለስልክ ስንት ታወጣለህ ሲባል ብዙ ሰው የሚነግራችሁ መጨረሻ የሞላትን ካርድ ነው። ጠዋት የገዛት ዕለታዊ ጥቅል፣ ከሰዓት ሙቀቱ ቤት ሲያስገባው የደገማት፣ ማታ ለእህቱ የላከላት አይቆጠሩም። የቴሌብር ወይም የኤምፔሳ የክፍያ ታሪካችሁን ክፈቱና ያለፉትን 30 ቀናት የካርድና የጥቅል ግዢ በሙሉ ደምሩ። ካርድ ከሱቅ የምትፋቁ ከሆነ ለአንድ ወር ወረቀት ላይ ያዙት። የቤቱን ሰው ሁሉ ጨምሩ፤ ቁጠባ የሚገኘው ከቤቱ ጠቅላላ ሂሳብ ነው።

ቀጥሎ ዳታው የት እንደሚሄድ እዩ። ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚል አለ፣ እያንዳንዱ አፕ ስንት እንደበላ በቁጥር ያሳያችኋል። ቲክቶክና ዩቲዩብ ከላይ ቢቀመጡ አይገርምም። ቴሌግራም ግን ብዙዎችን ያስደነግጣል፣ ምክንያቱም ግሩፕ ላይ የሚለቀቀውን ቪዲዮና ፎቶ ሳትነኩት ራሱ ያወርዳል። የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በሞባይል ዳታ ጊዜ በራሱ እንዳያወርድ አጥፉት። ይህን ሳታደርጉ ጥቅል ማወዳደር አትጀምሩ፤ የማትፈልጉትን ዳታ ጨምራችሁ ትገዛላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁላችንም የምናየው ዋጋውንና ጊጋውን ነው። ማየት ያለብን ግን በትክክል የተጠቀምንበት 1 ጊጋ ስንት እንደወጣበት ነው። ቁጥሩ ለስሌት ብቻ ይሁንና፣ ዕለታዊ ጥቅል በ20 ብር ግማሽ ጊጋ ይሰጣል፣ ወርሃዊው በ400 ብር 12 ጊጋ ይሰጣል እንበል። ዕለታዊውን በየቀኑ የሚገዛ ሰው በወር 600 ብር ያወጣል። ሁሉንም ቢጨርስ እንኳን 1 ጊጋ 40 ብር ነው የሚመጣበት፣ ግማሹን እየተረፈው ሌሊት ከተቃጠለበት ደግሞ 80 ብር። ወርሃዊው ወደ 33 ብር ይመጣል፤ ይረክሳል። ነገር ግን ሥራ ቦታ ዋይፋይ ያለው፣ በወር 12 ቀን ብቻ ዳታ የሚፈልግ ሰው በዕለታዊው 240 ብር አውጥቶ ይወጣል። ለእሱ ወርሃዊው ኪሳራ ነው። ወርሃዊ ሁሌ ይሻላል የሚባለውን አትመኑ፣ የራሳችሁን ቀኖች ቁጠሩ።

እውነተኛውን ዋጋ ለማየት በኢትዮ ቴሌኮም *999#፣ በሳፋሪኮም *777# ደውሉ፤ ወይም አፓቸውን ክፈቱ። ሁለቱንም ተመልከቱ፣ አንዳንዴ አፑ ላይ ጭማሪ ያለው ወይም ሌላ ቦታ የማይታይ ጥቅል ታገኛላችሁ። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው፣ ትልልቅ ፋይል ለማውረድ ለተማሪዎች ይሆናል። ለሌላው ሰው ግን በርካሽ እንቅልፍ ማጣት ነውና ይቅርባችሁ።

ሁለት ሲም መያዝ እኛ ጋ አዲስ ነገር አይደለም። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአዲስ አበባ በፊት እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ ስለዚህ 09 እና 07 አብሮ የያዘ ብዙ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፣ በአንዱ እየደወሉ በሌላው ዳታ መጠቀም ይቻላል። ግን በሁለቱም ላይ ወርሃዊ መግዛት ጥቅሙን ያጠፋዋል። የድምጽ ጥቅል ስትገዙ ደግሞ ደቂቃው ወደ ሌላኛው ኔትወርክ ይሠራል ወይ የሚለውን አንብቡ። የምትደውሉላቸው ሰዎች 07 ሆነው ደቂቃችሁ ለ09 ብቻ ከሆነ ምን ይጠቅማችኋል? ጅቡቲ ወይም ሳዑዲ ዘመድ ያላችሁ በኢሞና በዋትሳፕ ስትደውሉ፣ መተያየት ካላስፈለገ በድምጽ ብቻ አድርጉት። ከቪዲዮው በብዙ እጥፍ ያነሰ ዳታ ነው የሚወስደው።

ኔትወርኩን ቤታችሁ ውስጥ ፈትኑ። ሳቢያን ላይ ይፈጥናል ብሎ ጓደኛ የነገራችሁ ለከዚራ ማስረጃ አይሆንም። ሐረር ጁገል ውስጥ ደግሞ የቤቶቹ የድንጋይ ግንብ ወፍራም ነው፤ ግቢው ላይ ሙሉ የነበረው ሲግናል ውስጥ ስትገቡ ይወርዳል። ትንሿን ዕለታዊ ጥቅል ግዙና በምትቀመጡበት ክፍል፣ በምትጠቀሙበት ሰዓት ሞክሩት። ከዚያ በኋላ ነው ወርሃዊ የሚገዛው።

የቤት ኢንተርኔት መቼ ያዋጣል? ቲቪ ወይም ልጆች ካሉ ቶሎ ያዋጣል። ስሌቱ ቀላል ነው። 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው፤ ስለዚህ 1 ሜጋቢት በሰከንድ የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። ጥራት ያለው የቲቪ ምስል 5 ሜጋቢት ያህል ቢወስድ፣ በሰዓት ከ2 ጊጋ በላይ ነው። ያ የ12 ጊጋ ጥቅል ከ5 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ አለቀ ማለት ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ የሞባይል ዳታ ወጪ ተደምሮ ከዋይፋዩ ወርሃዊ ክፍያ ካለፈ አስገቡ። ብቻውን ለሚኖር፣ ቀኑን ውጭ ለሚውል ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ሲያስገቡ ፍጥነቱ የሚነገራችሁ በሜጋቢት መሆኑን አትርሱ። 10 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው፣ ለ8 ማካፈል ነው። ከትልቁ አትጀምሩ፤ ትንሹን ይዛችሁ ካነሰ ማሳደግ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የመግጠሚያውንና የራውተሩን ዋጋ ለ12 ወር አካፍላችሁ ወርሃዊው ላይ ጨምሩት፣ ትክክለኛው ዋጋ ያ ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል። ስለዚህ ለዚያ ቀን የምትሆን ትንሽ የሞባይል ዳታ ያስፈልጋችኋል፤ እሷንም ሂሳብ ውስጥ አስገቡ።

ጥቅል አልቆ ዳታ ክፍት ሲቀር ካርዱን የሚበላው ያለ ጥቅል የሚቆረጠው መደበኛው ታሪፍ ነው። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል መልእክት ይመጣል፤ ያኔ ዳታውን አጥፉ ወይም አድሱ። በኢትዮ ቴሌኮም ቀሪውን በ*804# ታዩታላችሁ። በራሱ የሚታደስ ጥቅል ስልካችሁ ላይ ካለም፣ በተለይ የእናትና የአባት ስልክ ላይ፣ ዛሬውኑ አይታችሁ የማያስፈልገውን አስወጡ። እነሱ የሚደውሉት ለጥቂት ሰው ነው። ትንሽ የደቂቃ ጥቅል ትበቃቸዋለች፣ እሷንም ከእናንተ ስልክ ገዝታችሁ መላክ ትችላላችሁ።