በሐዋሳ የአንድ ሳምንት ምሽት እንዴት ይታቀዳል?

ሐዋሳ ለመዝናናት መጥቶ «ምንም የለም» ብሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ የሳተው ቦታ ሳይሆን ሰዓት ነው። ሰኞ ማታ ክለብ ፍለጋ ይዞራል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ባህል ቤት ገብቶ ወንበር ብቻ አይቶ ይወጣል፤ ዓሣውን ደግሞ ማታ ያዛል። ከተማዋ ሰፊ አይደለችም፤ ከፒያሳ ሐይቁ ዳር ለመድረስ ለባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ዋናው ነገር የትኛው ምሽት ለምን እንደሚሆን ማወቅ ነው።

ከመምጣትዎ በፊት

ቀን መቁጠሪያውን ይዩ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ስለሆነ ከየአገሩ ምእመን ይጎርፋል። አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም ዋጋው ይንራል። በዚያ ሰሞን የሚመጡ ከሆነ አስቀድመው ይያዙ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ደግሞ ቋሚ ቀን የለውም። አያንቱ የሚባሉት የሲዳማ ሊቃውንት ኮከብ ቆጥረው ያውጃሉ፤ ከዚያ ሕዝቡ ጉዱማሌ በሚባለው አደባባይ ይሰበሰባል። ቀኑ ሲታወጅ ሰምተው መምጣት ከቻሉ ይምጡ፤ ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የመዘገበውን በዓል በባለቤቶቹ መካከል ማየት በየትኛውም መድረክ ላይ አይገኝም።

ጾምም ይታሰብ። በሁዳዴ 55 ቀናት ባህል ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ጭራሽ የሚዘጉም አሉ። ሐዋሳ ብዙ ፕሮቴስታንት ያለባት ከተማ በመሆኗ ምግብ ቤቱ እንደ ሌላው አካባቢ አይጨልምም፤ ሙዚቃው ግን መቀነሱ አይቀርም። ለጭፈራ የሚመጡ ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ይምረጡ።

ከአዲስ አበባ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጠዋት ተነስተው ቀን ይግቡ፤ በሌሊት አይጓዙ።

ገንዘብና ትራንስፖርት

ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ በአብዛኛው ቦታ ይሠራሉ። ችግሩ ኔትወርኩ የሚጠፋው ቤቱ በሞላ ሰዓት፣ ያውም ሒሳብ ሊከፍሉ ሲሉ መሆኑ ነው። ስለዚህ የምሽቱን ግማሽ በጥሬ ይያዙ፤ ከዚያም ውስጥ የተወሰነውን ቀን ላይ በባለ 50 እና በባለ 100 ብር ያስዘርዝሩት። ለምን እንደሚያስፈልግ ሐሙስ ላይ ይታያል።

ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻ ላይሆን ይችላል። 10 በመቶ የአገልግሎትና 15 በመቶ ቫት የሚጨምሩ አሉ፤ 1,000 ብር ያሉት እራት 1,265 ብር ሆኖ ይመጣል። ከማዘዝዎ በፊት «ቫትና ሰርቪስ አለበት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ባጃጅ ሲይዙ ሳይገቡ ዋጋ ይቁረጡ፤ «ኮንትራት ነው ወይስ በሰው?» ብለው ይለዩ። የመጀመሪያው ቀን ሥርዓት ያለው ሾፌር ካገኙ ስልኩን ይያዙና ሳምንቱን ሙሉ በእሱ ይመላለሱ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ክለብ በር ላይ ቆሞ መከራከር ከቀን ዋጋ እጥፍ ያስከፍላል። በተጨማሪም የባጃጅ የሥራ ሰዓት ላይ ገደብ የሚወጣበት ጊዜ ስላለ ሾፌሩን በዚያው «እስከ ስንት ሰዓት ትሠራለህ?» ይበሉት።

ሰኞ፦ ሐይቁ ዳር

ሰኞ የሚጮህ ነገር የለም፤ አይፈልጉ። ከ11 ሰዓት በፊት ፍቅር ሐይቅ ይድረሱ፤ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በእግር ይሂዱ፣ ቡና ይጠጡ፣ ጀልባ ካማረዎት ደግሞ ወደ ጠዋት ይውሰዱት። ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያነሳዋል፤ ማዕበሉ ትንሽ ቢመስልም ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። መቼም ቢሆን የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሳይሰጥዎት አይሳፈሩ።

ከጨለመ በኋላ መብራት ካለበት መንገድ ወጥተው ወደ ሳሩና ወደ ቄጠማው አይጠጉ። ጉማሬ ማታ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፤ ቀን ውኃ ውስጥ ተኝቶ ያዩት ያ ሰላማዊ እንስሳ መንገዱን ከዘጉበት ሌላ ነው። ትንኝም አለ፣ ወባም አለ፤ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ።

ማክሰኞ፦ ቡርሳሜ

የሲዳማን ማዕድ ሳይቀምሱ እንዳይሄዱ። ቡርሳሜ ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤ የሚታሽ ምግብ ሲሆን ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ይቀርባል። እንደ ጥብስ ታዞ ወዲያው አይደርስም፤ ጠዋት ደውለው ለስንት ሰው እንደሆነ ይንገሩ። ቅቤው ብዙ ስለሆነ ለማያውቀው ሰው ይከብዳል፤ ለሁለት ሰው አንድ ሻፌታ ይበቃል፣ አጠገቡ እርጎ ይኑር። ከላዩ ላይ ቢራ ካበዙበት ሌሊቱን ሆድዎ ያስታውስዎታል።

ረቡዕ፦ ኳስ

ረቡዕ ጾም ስለሆነ በየዓይነቱና ሽሮ በልቶ ኳስ ቤት መግባት ነው። የሰዓቱ ጉዳይ ብዙ ሰው ያሳስታል። የሻምፒዮንስ ሊግ የማታው ጨዋታ አውሮፓ በክረምት ሰዓት ላይ ስትሆን በእኛ 5 ሰዓት፣ በበጋ ሰዓት ላይ ስትሆን 4 ሰዓት ይጀምራል። ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በጥቅምትና በመጋቢት አጋማሽ ገደማ ባለው እሑድ ነው። በዚያ ሳምንት ባለፈው ሰዓት የመጣ ደጋፊ አንደኛውን አጋማሽ ያጣል ወይም አንድ ሰዓት ሙሉ ማስታወቂያ ያያል። ትልቅ ጨዋታ ካለ ከ40 ደቂቃ በፊት ይግቡ፤ ኋላ የመጣ ምሰሶ ሥር ይቀመጣል።

ሐሙስ፦ ባህል ቤት

የሳምንቱ ምርጥ ምሽት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዓርብና ቅዳሜ ባህል ቤት ስለሚጨናነቅ አዝማሪው ለእያንዳንዱ ሰው ጊዜ የለውም። ሐሙስ ግን ቤቱ ሞቅ ያለ ነው፣ ጆሮም አለው። ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ይግቡ፤ ከመድረኩ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጡ። ፊት ለፊት ከተቀመጡ ድምፅ ማጉያው ያደነቁርዎታል፣ አዝማሪውም ማረፊያ ያደርግዎታል፤ ጥግ ከያዙ ደግሞ ግጥሙ አይሰማም።

አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ይዞራል። እርስዎ ጋ ሲደርስ አጠገብዎ ያለውን ሰው ስምዎን ይጠይቃል፤ ወዳጅዎም ሥራዎን፣ አገርዎን፣ አንዳንዴም ገመናዎን ሹክ ይለዋል። ከዚያ ሲወቅስዎት ይስቁ። መኮሳተር የቤቱን ሙቀት ያጠፋል፤ አዝማሪም የተኮሳተረ ሲያይ ይብስበታል እንጂ አይተውም።

ግጥም መስጠት ከፈለጉ እንዲህ ነው፦ ማሲንቆው ለብቻው እስኪቀር ይጠብቁ፣ እጅዎን አንስተው «ተቀበል!» ይበሉ። አንዷን ስንኝ ብቻ ይናገሩ፤ እሱ በዜማ እስኪመልሳት ዝም ይበሉ፤ ከዚያ ሁለተኛዋን። የተለመደው ልክ በየስንኙ ስድስት በስድስት ቀለም፣ በድምሩ አሥራ ሁለት ነው። ለምሳሌ፦

ልቤን ወስደሽብኝ ሐይቁ ዳር ጥለሽው፣
ሌላ ምን አለና ካሳ ነው የምሻው።

ሰሙ «ከዓሣ» ነው፤ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ሌላ ምን ይሻል? ወርቁ ግን ልቡ የተወሰደበት ሰው የሚጠይቀው ካሳ ነው። ቤቱ ሳቅ የሚለው ሁለተኛው ትርጉም ሲገባው ነውና ስንኙን አያብራሩ። ግጥም የሚበላሽባቸው ሰዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስሕተት ይሠራሉ፤ ሁለቱን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ይሉታል፣ ወይም ስንኙን ከሃያ ቀለም በላይ ያስረዝሙታል። አዝማሪው በዜማው ውስጥ ሊያስገባው ስለማይችል አሳጥሮ፣ አንዳንዴም በእርስዎ ላይ አዙሮ ይመልሰዋል። በብሔር፣ በሃይማኖትና በሰው ሚስት ላይ ግጥም አይስጡ፤ ጠብ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ሽልማቱን አዝማሪው ግንባር ላይ ቀስ አድርገው ይለጥፉ ወይም በእጁ ይስጡ። መሬት ላይ መበተን ትልቅነት የሚመስለው ሰው አለ፤ አጎንብሶ ለሚለቅመው ሰው ግን ውርደት ነው። ከባለ 100 አይጀምሩ፤ ከጀመሩበት መውረድ ስለማይቻል ሌሊቱ ሳይጋመስ ኪስዎ ይደርቃል። በባለ 50 ጀምረው ግጥሙ ሲያረካዎት ከፍ ያድርጉ። የቀኑ ዝርዝር ብር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ተወዛዋዥ ፊትዎ መጥታ እስክስታ ስትወርድ ተነስቶ ጥቂት ትከሻ መንቀጥቀጥ ክብር ነው፤ ባይችሉበትም ማንም አይታዘብዎትም።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ የድራፍትና የባንድ ምሽት ነው። ጃምቦ ሲያዙ ሰው የሚበዛበትን ቤት ይምረጡ፤ በርሜሉ ተከፍቶ ከዋለ ቢራው ጋዙ ይለቀዋል፣ አረፋውም ወዲያው ይወርዳል። ሙዚቃ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ይሞቃል። ሒሳብ በየዙሩ መክፈል ከሁሉም ይሻላል፤ አለበለዚያ ባዶ ጠርሙሶቹ ጠረጴዛው ላይ ይቆዩ እንጂ አይነሱ። ቁጥሩ ላይ ጭቅጭቅ ቢነሳ ምስክሩ ጠርሙሱ ነው።

ቅዳሜ ለክለብ። ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት ከገቡ የሚያገኙት አስተናጋጆችን ብቻ ነው። በር ላይ መግቢያ ካለ መጠጥ ያካትት እንደሆነ ይጠይቁ። ሙሉ ጠርሙስ ካዘዙ ዋጋውን በሜኑ ላይ አይተው፣ ጠርሙሱም እፊትዎ ሲከፈት ተመልክተው ይቀበሉ፤ ትተውት የሄዱትን ብርጭቆ ተመልሰው አይጠጡ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ በአዋጅ 1112/2011 የተከለከለ ስለሆነ ወጣት የሚመስሉ ሰዎች መታወቂያ ይያዙ። በዚያው አዋጅ ቤት ውስጥ ማጨስም አይፈቀድም።

መኪና ይዘው የመጡ ሰዎች ቁልፉን ሆቴል ይተዉት።

እሑድ፦ አሞራ ገደል

ዓሣ የጠዋት ነገር ነው። ጀልባዎቹ ጠዋት ሲመለሱ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይገኙ፤ ዓሣ አጥማጆች ሲያራግፉ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት ለመልቀም እግርዎ ሥር ይሰለፋሉ። ከሐይቁ የሚወጡት በዋናነት ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ቢልጫ የሚባሉት የዓሣ ዓይነቶች ናቸው። ለጥብስ ቆሮሶ፣ ለጉላሽ አምባዛ ይሻላል። ጉንጩን ገልጠው ይዩ፤ ስንጥቡ ደም የመሰለ ቀይ፣ ዓይኑም የጠራ ከሆነ የዕለቱ ነው። ዓይኑ ጎድጉዶ ከደፈረሰ ይተዉት። ከትኩሱ ሾርባ ይጀምሩ፤ የሌሊቱን ድካም የሚያነሳው እሱ ነው። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ ብዙዎች ናቸው፤ ጣዕሙ የሚገርም ቢሆንም የጥገኛ ትል ስጋት ስላለው ለልጅና ለነፍሰ ጡር አይስጡ፣ ከረፋድ በኋላም አይሞክሩት።

ከሰዓት በኋላ ስታዲየም መግባት ካማረዎት አስቀድመው ፕሮግራሙን ያረጋግጡ። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው፤ ሲዳማ ቡናም የዚሁ ከተማ ነው። ነገር ግን የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በዙር በተመረጡ ከተሞች ሲካሄዱ ስለቆዩ ሁለቱም ቡድኖች ሌላ ከተማ ሄደው ሊሆን ይችላል።

ምሽቱን አይግፉት። የሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ትኬት የሚቆረጠው እሑድ ከ10 ሰዓት በፊት ነው፤ መስኮት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከዚያም ቀደም ይበል።